ከተቆለፈው በር ፊት የነበረው ጫማ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቲያትር ቤቱ ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው። አዘጋጁ ቢሮውን ከውስጥ ቆልፎ ተኝቷል፤ ከምሳ በኋላ ካልተኛ ሰው እንደማይሆን ሁሉም ያውቃል። ልብስ ሰፊዋ ክፍሏ ውስጥ ከስፌት መኪናዋ ጋር ትታገላለች። መድረኩ ላይ ደግሞ የመብራት ሠራተኛውና መሪ ተዋናይዋ ነበሩ።

የመብራት ሠራተኛው ዓይን አፋር ነው። ሰው ቀና ብሎ ካየው ፊቱ ስለሚግል ባልደረቦቹ «አምፖል» ብለው ሰይመውታል። እሷን ደግሞ ትንሽ ስለሆነችና አንድ ቦታ መርጋት ስለማትችል «ድንቢጥ» ይሏታል።

መብራት ሲስተካከል ተዋናዩ በሚቆምበት ቦታ ላይ አንድ ሰው መቆም አለበት። አለበለዚያ ብርሃኑ ፊት ላይ ይረፍ ደረት ላይ አይታወቅም። አሰልቺ ሥራ ስለሆነ ተዋንያኑ ይሸሹታል። ድንቢጥ ግን «እኔ እቆምልሃለሁ» ብላ በገዛ ፈቃዷ መጣች።

«ጫማሽን አውልቀሽ ግቢ» አላት ከመሰላሉ ላይ። «ወለሉ ትናንት ነው የተቀባው።»

«የት ላድርገው?»

«ኮሪደሩ ላይ ተዪው። ማን ይወስደዋል?»

ኮሪደሩ ጠባብ ነው። ወደ መድረክ የሚያስገባው በርና የአዘጋጁ ቢሮ በር ጎን ለጎን ናቸው። ቀይ ጫማዋን እዚያው አውልቃ በባዶ እግሯ ገባች።

ሦስት ሰዓት ሙሉ አቆማት። ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ አገጭሽን ቀና።

«አምፖል፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ፊቴን ስታይ አልሰለቸህም?»

ብሎን የሚያጠብቅ መስሎ ዞረ። «ሥራ ነው» አላት።

«ሥራ ባይሆንስ?»

የመሰላሉ እግር ሲንቋቋ ተሰማ። «ሥራ ባይሆንም አይሰለቸኝም» አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለመብራቱ የሚናገር ይመስል።

ትስቃለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልሳቀችም። «እንግዲያው ውረድና መሬት ላይ ቆመህ ድገመው» አለችው።

ወረደ። መድገም ግን አቃተው። በምትኩ እጇን ያዘ። መዳፉ መብራት ሲነካካ ስለዋለ ትኩስ ነበር። «ትፋጃለህ» አለችው፤ እጇን ግን አልሳበችም።

ቡድኑ በስልክ የሚታይ አንድ ገጽ አለው። ተመልካች አስተያየቱን ይልካል፤ አድሚኑ አንብቦ ካሳለፈው ያለ ስም ይወጣል። ከተማዋ ትንሽ ስለሆነች በስሙ ተዋናይ ለመተቸት የሚደፍር የለም። የላኪውን ስም የሚያየው አድሚኑ ብቻ ነው። አድሚኑ ማን እንደሆነ የሚያውቀው ደግሞ አዘጋጁ ብቻ ነበር። አድሚኑ አምፖል ነው። አዘጋጁ ሥራውን የሰጠው ወሬ ስለማያበዛና የተገደፈች ፊደል ሳያቃና ስለማያልፍ ነው።

ሰኞ ጠዋት አምፖል መሰላል ላይ ነበር፤ በአንድ እጁ ሽቦ፣ በአንድ እጁ ስልክ። አሥራ አራት አስተያየቶች ይጠብቁታል። አራቱን አነበበ፤ አራቱም «በርቱ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር የላቸውም። ልቡ እሑድ ላይ ነበር። የቀሩትን ሳያነብ ሁሉንም ባንዴ አሳለፋቸው።

ከቀሩት አንዱ ፎቶ ነበረው። የተዘጋ የአዘጋጁ በር፣ ከበሩ ፊት ቀይ ጫማ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «መሪ ተዋናይነት የሚገኘው እንዲህ ነው። እሑድ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ብናንኳኳ ብናንኳኳ የሚከፍት ጠፋ።»

ምሳ ሰዓት ላይ አየው። ወዲያው አጠፋው። ግን ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነበር፤ ሰው ስክሪንሾት አንሥቶ ለዘመድ አዝማዱ አዳርሶታል። መጥፋቱም ነገሩን አባሰው። «ሐሰት ቢሆን ለምን ያጠፉታል?» ይባል ጀመር።

የላኪዋን ስም አየ። ልብስ ሰፊዋ ናት። የእህቷ ልጅ ለዚያው ለመሪ ተዋናይነት ቦታ ተፈትና ወድቃ ነበር።

ወደ አዘጋጁ ሮጠ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ ሳላነብ ያሳለፍኩት። ደግሞ እሑድ ከእኔ ጋር መብራት ላይ ነበረች። ልጻፈው።»

«አጥፍተኸዋል አይደል? አለቀ» አለ አዘጋጁ። «ከአንተ ጋር ነበረች ብትል ምን ያተርፋል? ከአንዱ ወንድ ነጥቀህ ለሌላው ሰጠሃት ነው የሚሉህ። ዝም በል፤ ሦስት ቀን ነው ወሬ።» ይህን ሲል ፀጉሩን በመስታወት ያይ ነበር። ወሬው እሱን ብዙም የጎዳው አይመስልም።

አምፖል ዝም አለ። ዝም ማለት ድሮም አይከብደውም።

ወሬው በሦስት ቀን አልሞተም። በሳምንቱ ድንቢጥ ዳቦ ልትገዛ ስትገባ ሻጩ «በሩን ልቆልፈው?» አላት። ልምምድ ላይ ባሏን ሆኖ የሚጫወተው ያንኑ ቀልድ ደገመው፤ ሁሉም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ምሳዋን ከባልደረቦቿ ጋር መብላት ተወች። ሳህኗን ይዛ ወደ መብራት ክፍል ትወጣና ከአምፖል አጠገብ ትቀመጣለች።

«እንደ ሰው የምታየኝ አንተ ብቻ ነህ» አለችው አንድ ቀን።

ከድርሻው ግማሹን ቆርሶ ሳህኗ ላይ አደረገላት።

«አምፖል፣ የት እንደነበርኩ ታውቃለህ። ለምን አትናገርልኝም?»

«እናገራለሁ። ትንሽ ይብረድ።»

«እሺ» አለች። አምናው ነው እሺ ያለችው፤ እሱን የገደለው ይህ ነው።

ሐሙስ ዕለት፣ መክፈቻው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ታላቅ ወንድሟ በልምምድ መካከል አዳራሹ ገባ። ጎማ ጠጋኝ ነው፤ እጁ ጥቁር እንደሆነ ከሥራው ተነሥቶ መጥቷል። ጎማ ሊያስጠግን የመጣ ደንበኛ ፎቶውን አሳይቶት ነበር።

«ዕቃሽን ያዢና ውጪ።»

«ወንድም ጋሼ፣ ሐሰት እኮ ነው። መብራት ሲስተካከል ቆሜ ነበር።»

«ሐሰት ከሆነ ደስታዬ ነው» አለ። ወደ ሁሉም ዞረ። «ያየ ሰው ይናገር። አንድ ሰው ብቻ ይበቃኛል። እኔ እህቴን ማመን ነው የምፈልገው።»

አዘጋጁ ድርሰቱ ላይ አቀረቀረ። ልብስ ሰፊዋ የድንቢጥን ቀሚስ ጫፍ እየወሰወሰች ነበር፤ አፏ በመርፌ ተሞልቷል። ድንቢጥ ቀና ብላ አምፖል ወዳለበት የመብራት ክፍል መስኮት አየች። ስሙን ልትጠራ ትችል ነበር። አልጠራችም፤ ራሱ እንዲናገር ጠበቀችው።

ከፊቱ ማይክ ነበር። ማብሪያውን በጣቱ ነካው። ይህን ከተናገረ ያሳለፈው እሱ መሆኑንም ሳይናገር ማቆም እንደማይችል ያውቃል። ጣቱን አነሣ። ድንቢጥ አንድ ትንፋሽ ያህል ጠበቀች፤ ሌላም ጨመረችለት። ከዚያ ቦርሳዋን አነሣች።

በማግሥቱ ጠዋት አምፖል ሁሉንም ጻፈ። ሳያነብ ያሳለፈው እሱ እንደሆነ፣ ጫማዋን ኮሪደር ላይ ያስወለቃት እሱ እንደሆነ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከእሱ ጋር እንደነበረች። ስሙን ከሥር አደረገና አወጣው። አዘጋጁ በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ አጠፋው፤ አምፖልንም ከአድሚንነት አስወጣው። ሐሰቱ ሁለት ሰዓት ቆይቷል። እውነቱን ያዩት ዘጠኝ ሰዎች ናቸው።

በእግሩ ወደ ጎማ መጠገኛው ሄደ። ድንቢጥ ከወንድሟ ጀርባ በርሜል ላይ ተቀምጣ ነበር። አምፖል መሬት መሬት እያየ፣ እየተንተባተበ፣ የጻፈውን በአፉ ተናገረ።

ወንድሟ መፍቻውን አስቀመጠ። «ትናንት እዚያ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«ስጠይቅ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

ወንድሟ ጎማውን አንከባሎ ወደ ውጭ ወጣ። ቢመታው ይሻለው ነበር።

ድንቢጥ ከበርሜሉ ወረደች። «ያን ጽሑፍ ስታሳልፈው አንብበኸው ነበር?»

«አላነበብኩትም። ስላንቺ እያሰብኩ ነበር።»

«ስለ እኔ እያሰብክ!» ሣቀች፤ ሣቋ ግን ወዲያው ተሰበረ። «ሌላው ሁሉ ይቅር። በየቀኑ አጠገብህ ስቀመጥ አንድ ቀን እንኳ አፍህ ላይ አልመጣም?»

«በየቀኑ ይመጣ ነበር።»

«እና?»

«እንዳትሄጂብኝ ፈራሁ።»

እንባዋን በክንዷ ጠረገች። እሱ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። «ማን እንደላከው ልንገርሽ» አላት።

«አትንገረኝ። የማልጠረጥረውን ሰው መጥላት ከምጀምር አንተን ብጠላ ይቀለኛል። አንተን ቢያንስ እወድህ ነበር።»

ቅዳሜ ቲያትሩ ተከፈተ። በድንቢጥ ቦታ የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ ገባች፤ ተጨበጨበላት። አምፖል ሥራውን ለቆ ነበር። ድንቢጥ በወሩ መጨረሻ አክስቷ ወደሚኖሩበት ከተማ ሄዳ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ሆነች። በአራተኛው ወር ደወለችለት፤ ስለ ልጆቹና ስለ ወንድሟ ጤንነት ስምንት ደቂቃ አወሩ። በሚቀጥለው ሳምንት እሱ መልሶ ደወለ። ቁጥሩ አይሠራም ነበር።