ሳጥኗ አትረሳም

አለቃው ከወንበሯ ጀርባ ቆሟል።

«ገና ነው?»

«ልጨርስ ነው ጋሼ።»

እዚህ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ጠጋኟ ናት። በድብቅ የላካት የስለላ ማእከል ደግሞ በምስጢር ስሟ ዋነስ ይላታል። ዛሬ ኮምፒውተር የምትጠግን መስላ የዋናውን በር ካሜራ ቪዲዮ ልታጠፋ ነው የተቀመጠችው። ቪዲዮው ላይ የአለቃው ሾፌር ለእሷ ፖስታ ሲያቀብል ይታያል። አለቃው ካየው ሾፌሩ በሕይወት አያድርም።

ሁለት ቁልፎችን አንድ ላይ ተጫነች። ስክሪኑ መሃል ጠባብ ሳጥን ብቅ አለች። ሳጥኗ ለሌላው ሰው ፕሮግራም ፈልጋ የምትከፍት ምስኪን ናት። የዋነስ አጎት ግን ከርቀት ገብቶ ተቀጽላ፣ ማለትም ድብቅ ተጨማሪ ፕሮግራም፣ ጨምሮባታል፤ የተጻፈላትን ትእዛዝ ሁሉ ጸጥ ብላ ትፈጽማለች። ይህን የሚያውቁት እሱና ዋነስ ብቻ ናቸው። የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ወደዚህ ሥራ ያስገባትም እሱ ነው።

የትእዛዟን የመጀመሪያ ፊደል መታች። ሳጥኗ እንደ ልማዷ ከዚህ በፊት የታዘዘችውን ዘረገፈች።

አንዱን መስመር ዋነስ አልጻፈችውም።

«የበሩን ቪዲዮ ቅጂ ዛሬ ማምሻውን ወደ አለቃው ስልክ ላኪ» ይላል።

ሳጥኗን ከእሷ ሌላ የሚያዛት አጎቷ ብቻ ነው። ሾፌሩንም እሷንም ሸጧቸዋል። «ስትጨርሺ ታሪኳን አጥፊ፣ ሳጥኗ አትረሳም» እያለ ያስተማራት እሱ ነበር፤ የራሱን ማጥፋት ግን ረሳ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

«ይሄ ምን የሚሉት ጭረት ነው?» አለቃው ጎንበስ አለ።

ትንፋሹ ጆሮዋ ላይ ነው።

«የኮምፒውተር ቋንቋ ነው ጋሼ። እኛም ግማሹ ነው የሚገባን።»

ሳቀና ቀና አለ።

የማምሻውን መላኪያ ቀጠሮ ሰረዘች። ቪዲዮውንም ቅጂውንም አጠፋች። ሾፌሩ ተረፈ።

አንድ ትእዛዝ ቀረ፦ የአጎቷን መስመር፣ ከየት እንደተጻፈ ጭምር፣ ለማእከሉ መላክ። ማእከሉ ከሃዲን አይምርም። አጎቷ ደግሞ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት ሰው ነው። ልቧ እምቢ አለ። ግን ዛሬ ብታልፈው ነገ ሌላ ሾፌር ይሸጣል።

ላከች። የሳጥኗንም ታሪክ አጠፋች።

ኮሪደሩ ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ጨረስሽ የኔ ልጅ?»

«ጨረስኩ አጎቴ።»

«በጓሮ በር ውጪ። መኪና ውስጥ ሆኜ እየጠበቅኩሽ ነው።»

«እሺ፣ መጣሁ።»

በዋናው በር ወጣች። ባጇን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለች፣ ፀጉሯን በሻሽ ሸፈነች፣ አውቶቡስ ከሚጠብቀው ሰልፍ ገባች።

አመሻሹ ላይ፣ ከከተማው በሚወጣው አውቶቡስ ውስጥ፣ እናቷ ደወለች።

«ወንድሜ ስልኩን አያነሳልኝም። አብራችሁ አልነበራችሁም እንዴ?»

«አልነበርንም እማዬ።»

ስልኩን ዘግታ አለቀሰች፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ለምን እንደሆነ አልጠየቀቻትም።