ያለ ሞተር የተነፈሰው ፍሬን

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብዬ በተውኩት። ቀን ነው ያየሁት... ልክ ስድስት ሰዓት፣ የመተማ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ። ሚያዝያ፣ 1932 ዓ.ም.። ከእኔ ጋር የነበሩት ሴቶች ሁሉ አይተዋል። ያላመነ አይመን።

ወንድሜ ጀምበሩ የነጋዴው የአያ ሙሐመድጣሂር ካሚዮን ሾፌር ነበር።

ካሚዮኑ አሮጌ ነው። ፍሬኑ በብረት ዘንግ ይሠራል። የጭልጋን ቁልቁለት ሲወርድ ጀምበሩ በሁለት እግሩ ቢቆምበት እንኳ አይይዝለትም። ስለዚህ ሸሕዲ መንገድ ላይ ተገልብጦ ከተጣለ የጣሊያን ካሚዮን አንድ የብረት ጣሳ ፈትቶ አመጣ። በጎማ ቱቦ ከሞተሩ ጋር አገናኘው። ቱቦውን የያዝኩለት እኔ ነኝ።

«ሞተሩ ከጣሳው አየር ይስባል። ያ ጉልበት እግሬን ያግዘዋል» አለኝ። «ሞተሩ ከጠፋ ግን ባዶ ጣሳ ነው።»

ፍሬኑን ሲረግጠው ጣሳው ይተነፍሳል። ፍስስስ...

«አየሽ ባፈና? አሁን በአውራ ጣቴ አቆመዋለሁ!» ብሎ ሳቀ።

ለዚያች ጣሳ ጣሊያኖቹ ገደሉት።

የመንግሥት ዕቃ ሰርቀሃል ብለው ከኬላው ጀርባ ረሸኑት። ሬሳውን ከለከሉን። ልቅሶም ከለከሉን።

እኔ ግን እሺ አላልኩም።

በአገራችን ሬሳው ላልተገኘ ሰው በፈረሱ ይለቀስለታል። ፈረሱ ተጭኖ ልቅሶው መሐል ይቆማል። ጀምበሩ ፈረስ አልነበረውም።

ካሚዮኑ አያ ሙሐመድጣሂር በር ላይ፣ ከዳገቱ አናት ቆሟል። የጀምበሩን ጋቢ አለበስኩት። ሴቶቹን ከፊቱ አስቀመጥኩ።

«ባፈና፣ ልጄ፣ ይፈጁሻል» አሉኝ አያ ሙሐመድጣሂር።

«ይፍጁኝ።»

«ወላሂ አይምሩሽም!»

«እርስዎ ይግቡ፣ አያ። በርዎን ይዝጉ።»

«ሴት ደጅ ቆማ እኔ ልግባ? ወግጅ!» ብለው ከጎኔ ቆሙ።

ሙሾ አወረድኩ።

ፈረስ የለው ብላችሁ ወንድሜን አትናቁት፣
በብረት ነው የመጣ፣ ዙሩና ጠይቁት።

ፍስስስ...

ሙሾዬን አቆምኩ።

«ሞተሩን ማን አስነሳው?» አሉ አያ ሙሐመድጣሂር በሹክሹክታ።

«ማንም። እሱ ከሞተ ወዲህ ማን ነካው?»

ሞተሩን በእጄ ዳሰስኩ። በዚያ ሐሩር... ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር።

በመስኮት ጎንበስ ብለን አየን። ጋቢናው ባዶ ነው። የፍሬኑ መርገጫ ግን ወደ ታች ወርዷል። እያየነው... ቀስ ብሎ ተነሳ። ሰው እግሩን እንዳነሳለት።

የዚያኔ የኬላው ሹምባሽ፣ ለጣሊያን ያደረው የወታደሮቹ አለቃ፣ ሁለት ወታደር አስከትሎ መጣ።

«ካሚዮኑ ተወርሷል! ተነሱ!»

አንዲትም ሴት አልተነሳችም።

«ለሌባ ነው የምታለቅሱት?»

«ሌባስ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ነው» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። ሞተሩን እንዳያስነሳ አያ ሙሐመድጣሂር የማስነሻውን ብረት ደብቀውበታል። እሱ ግን ሳቀ። አንዱን ወታደር ጋቢና አስገባው።

«ሞተር ምን ያደርጋል? ቁልቁለት ነው። ማርሹን አውጣ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ። እንዴት እንደሚነሱ ታያለህ።»

ወታደሩ ለቀቀው።

ጎማው ጠጠር እየፈጨ መጣ...

ጎረቤቴ ጸዳለ ቀሚሴን ጎተተችው። «እቴ፣ ዞር በይ... ዞር በይ...»

«ወንድሜ ነው። አልዞርም።»

መጣ...

መጣ...

ፍስስስ።

ቆመ።

የፊቱ ብረት ደረቴን ነክቶ ቆመ። እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል።

«ማን ያዘው?» ብሎ ጮኸ ሹምባሹ። «አንተ! ለምን ያዝከው?»



እኔ ሙሾዬን ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፣ ደረታችንን እየመታን ካሚዮኑን ዞርነው። ሹምባሹ ሁለተኛ ተነሱ አላለንም።

በጋቢናው በኩል ሳልፍ ወታደሩን አየሁት። ሁለት እግሩን መቀመጫው ላይ ሰብስቦ ጉልበቱን አቅፏል። ቀኝ እግሩ ባዶ ነው።

ጫማው ታች ነበር... ክሩ እንደታሰረ።

ብቻውን ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረግጦታል።