የደም ደጅ

የመቅደሱ ደወል ማንም ሳይነካው በተሰነጠቀ ዕለት፣ የዘርማት ሰዎች የማትጠፋዋ መብራት መሰረቋን አወቁ። የወሰዷት የጠላት አገር የናጉር ጦረኞች ነበሩ። ብርሃኗን ፈርቶ በሸለቆ ተደብቆ የኖረው የጭጋግ ዘንዶም ወጣና በየመንደሩ የሕፃናትን እስትንፋስ ይነጥቅ ጀመር።

መብራቷን ከካህን በቀር ማንም እንዲነካት አይፈቀድም። ስለዚህ ንጉሥ አርዶም ወጣቱን ዲያቆን አብሳዲን ላከው፤ ጠባቂ እንድትሆነውም አሮጊቷን ጦረኛ ወርዳይን ሰጠው። በዘርማት ሕግ ሰው የገደለ፣ አገሩን ሲጠብቅ እንኳ ቢሆን፣ ሦስት ዓመት ከመቅደሱ ቅጥር ውጭ በደም ደጅ ሆኖ ያስቀድሳል። ወርዳይ ዘመኗን ሳትጨርስ ሌላ ጦርነት እየመጣባት፣ ደጁን ሳታልፍ አረጀች። ዲያቆን ከገደለ ግን ክህነቱ እስከ ወዲያኛው ይሻራል።

«እትዬ ወርዳይ፣ እርስዎ ይገድላሉ፤ እኔ በንጹሕ እጄ እመለሳለሁ። ይህ ምን ዓይነት ንጽሕና ነው?» አላት በመንገድ።

«ያመጡኝ ለዚሁ አይደል ልጄ? አንተ መብራቷን ያዝ፤ ደሙን ለእኔ ተወው።»

አብሳዲን ቀለል አለው፤ ስለ ቀለለውም በራሱ አፈረ።

በናጉር ግንብ አብሳዲ መብራቷን ከተሰቀለችበት እንዳወረደ አንድ ጢማም ዘበኛ ደረሰባቸው። ወርዳይ ስትገጥመው ተንሸራታ ወደቀች፤ ጦሯ ከእጇ ወጣ። ዘበኛው ጎራዴውን አነሣባት። በሩ ክፍት ነበር፤ አብሳዲ ቢሮጥ ዘርማትም ክህነቱም ይተርፉለት ነበር። እሱ ግን መብራቷን አስቀመጠ፤ ጦሩን አንሥቶ ወጋው።

ዘበኛው እየወደቀ አማተበ። «አቤቱ ማረኝ» አለ፣ አብሳዲ ራሱ ዘወትር በሚለው ቃል። የናጉር ሰዎችም እንደሚያማትቡ እስከዚያ ቀን ማንም አልነገረውም ነበር።

«ምነው ጥለኸኝ በሄድህ» ብላ ወርዳይ አለቀሰች።

አብሳዲ ደም የነካው እጁን በነጠላው ጠቅልሎ መብራቷን አነሣት። አልጠፋችም። ብትጠፋ የእግዚአብሔርን ፍርድ ባወቀ ነበር።

ብርሃኗ ዘርማት ሲገባ ዘንዶው ወደ ሸለቆው ሸሸ፤ ሕፃናቱም መተንፈስ ጀመሩ። ንጉሡ የሆነውን ሰምቶ በደም ደጅ ተቀበለው።

«በእግዚአብሔር ጠላት ላይ የተነሣች እጅ የተባረከች ናት። ዲያቆን አብሳዲ፣ ወደ መቅደስህ ግባ።»

«ንጉሥ ሆይ፣ ባልገድለው እትዬ ወርዳይ ይሞቱ ነበር። ዛሬም ቢሆን የምገድለው ይመስለኛል። የእግዚአብሔር ጠላት ግን አልነበረም፤ ሲሞት ሰምቼዋለሁ። እኔ ገብቼ ብቀድስ፣ የእሱን ሞት እንደ ምንም መቁጠሬ ነው።»

መብራቷን ለቄሱ ሰጥቶ ከደጁ ቀረ። ወርዳይ በተቀመጠችበት ድንጋይ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

ቅዳሴው ተጀመረ። ዲያቆኑ «ለጸሎት ተነሡ» የሚልበት ጊዜ ሲደርስ መቅደሱ ዝም አለ፤ በአብሳዲ ቦታ ገና የተተካ አልነበረም። ቃሉ አፉ ላይ ደረሰ። ከንፈሩን ገጠመ።

ወርዳይ አየችው። ከዚያም ምርኩዟን ይዛ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ተነሥታ ቆመች።