የአንድ ስንዝር ሙግት

ጥር ፲፱፻፸ ዓ.ም.። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ባሕር ዛፉን እያፏጨ እስከ ቀበና ወንዝ ይዘልቃል፤ ከወንዙ በላይ ባለው ሰፈር ግን ከነፋሱ ይልቅ የመጥረቢያ ድምፅ ይሰማል። ቀበሌው «ማንኛውም የግቢ አጥር ከሰው ደረት እንዳይበልጥ፤ እስከ እሑድ ይቆረጥ» የሚል ትእዛዝ ለጥፏል፤ አብዮት ጠባቂዎች በመንገድ ሲያልፉ ግቢውን ሁሉ እንዲያዩ ነው።

ከሁሉ ቀድመው የቆረጡት ግራዝማች ሣህሌ ነበሩ። በማገዶ ቤታቸው ውስጥ ልጃቸው ዘርትሁን፣ የምትፈለግ ተማሪ፣ ከተደበቀች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ብትያዝ እንደምትረሸን ያውቃሉ። «ቶሎ የታዘዘን ማን ይጠረጥራል?» ብለው ነበር። ምስኪን! እኚህ ሰው እኮ ከአብዮቱ በፊት ከጎረቤታቸው ከሾፌሩ ጀማለዲን ጋር ስለ አንዲት ስንዝር ድንበር አሥራ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት የተመላለሱ ናቸው፤ ከዚያ አጥር አንዲት አጠና ያለ ሙግት ተነቅላ አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት የቀበሌው ሊቀ መንበር ዱቤ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ ገባ።

«አቶ ሣህሌ» አለ፣ ማዕረጋቸውን ሆን ብሎ ዘሎ፤ «ለስንዝር አሥራ አንድ ዓመት የተሟገቱ ሰው፣ አጥርዎ እኩሌታው ሲቆረጥ ትንፍሽ አላሉም። ይቺ ነገር አልጣመችኝም። ፈትሹ!»

ታጣቂዎቹ ዋናውን ቤት በርብረው ወደ ማገዶ ቤቱ ሲዞሩ፣ ጀማለዲን ገመድ ይዞ አጥሩን ዘሎ ገባ። የልጅቱን ሳል ሲሰማ ሰንብቷል፤ ከሚስቱ ከረሂማ በቀር ለማንም አልተነፈሰም።

«ግራዝማች! አጥር ያሳጥሩ ቢባሉ ድንበሬን ይግፉ ተባሉ? ይኸው ይለካ! ስንዝሬን ይመልሱ!»

ግራዝማች የጀማለዲን ዓይን ወደ ማገዶ ቤቱ ሰረቅ ሲል አዩና ገባቸው።

«በሕግ አምላክ! ገፊስ አንተ! የአባቴን ርስት ለማንም አልለቅም!»

ርስት! በዚያ ዘመን አንገት የሚያስቆርጥ ቃል ነበር። ታጣቂዎቹ ማገዶ ቤቱን ትተው ሮጡ፤ ሁለቱ ጎረቤታሞች ግን አንገት ለአንገት ተናንቀው መንገድ ላይ ወጥተው ነበር፤ ሰፈርተኛውም ተሰበሰበ።

«መሬቱ የመንግሥት ነው፣ እናንተ አድኃሪዎች!» ብሎ ዱቤ ጮኸ፤ ግራዝማችን በጥፊ መታቸውና ሁለቱንም ወደ ቀበሌ አስነዳ። በግርግሩ መካከል ረሂማ በማገዶ ቤቱ ጓሮ በኩል ሻርፗን ወረወረች፤ ዘርትሁንም ተከናንባ፣ ትናንት ልትወጣው የማትችለውን አጥር ዛሬ ተሻገረች። ታጣቂዎቹ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ማገዶ ብቻ ነበር።

ልጅቱ በሌላ ስም ደሴ ገብታ ተረፈች። ሁለቱ ሰዎች ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተፈቱ፤ ጀማለዲን ከዚያ ወዲያ በግራ ጆሮው አልሰማም። በቀበሌው መዝገብ የሰፈረው «በአጥር የተጣሉ ሁለት ግለሰቦች ተቀጡ» የሚል ብቻ ነው፤ ጠቡ የውሸት መሆኑ ቢታወቅ የልጅቱ ፍለጋ ይቀሰቀስ ነበርና፣ እነርሱም መዝገቡ እንዳለው ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ኖሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ ጀማለዲን ሲሞት ግራዝማች ለቅሶ መድረስ አልቻሉም፤ አጥሩ አጭር ነበርና፣ ሰው እንዳያያቸው መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ።