ሦስት ምስክሮች

የታሪክ መምህርቷ የክፍሏን መስኮት ማን እንደሰበረው ስትጠይቅ፣ ተማሪዎቿ በአንድ አፍ «እሱ ነው!» ብለው አንዱን ልጅ ጠቆሙ።

«ቆይ፣ ማን በዓይኑ አየ? ማንስ ከሰው ሰማ? እሱ ቢቀጣ ደስ የሚለው ማነው?» አለቻቸው። «ታሪክ የሚያጠና ሰው የተነገረውን ሁሉ አይውጥም። የአንዱን ቃል ከሌላው ቃል ጋር ያስተያያል።»

አዲስ መስታወት ሊገጥም የመጣው ወጣት ከመስኮቱ ማዶ ሳቀ። «መምህርት፣ በመሰበሩ የተጠቀምኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እኔን ይጠርጥሩ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሷም ስትስቅ ከወጣቱ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። መስታወቱ ተገጥሞ ካለቀም በኋላ ወጣቱ በዚያ መንገድ ማለፉን አልተወም።

ውሎ አድሮ ሊጋቡ ተነጋገሩ። እናቷ ግን የልጃቸው ደስታ አልዋጥላቸው አለ። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ፣

«ወይ ጉዴ! አንዲት ትንሽ ልጅ አቅፎ ከክሊኒክ ሲወጣ አየሁት። ‹አባባ› ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። ሚስት ቢኖረውስ?» አሉ።

«እማዬ፣ አንድ ምስክር አይበቃም» አለች። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ልቧ ተሸብሮ ነበር። እሱን እንዳትጠይቀው መልሱን ፈራች። ደግሞም ባለጉዳይ ለራሱ ያደላል ብላ ነው የምታስተምረው። ስለዚህ የሥራ ባልደረባውን ጠየቀች፤ አብሮ አደጉን ጠየቀች፤ በመጨረሻ ቤት ያከራዩትን ሴትዮ ጠየቀች። የሦስቱም ቃል ገጠመ። ልጅቷ የሟች ወንድሙ ልጅ ናት፤ ከጨቅላነቷ ጀምሮ የሚያሳድጋት እሱ ነው።

እፎይ ብላ ወደሚሠራበት መስታወት ቤት በረረች። እሱ ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረ ቀና አላለም።

«ሁሉንም አጣራሁ! ምንም የለብህም» አለችው።

«ሰምቻለሁ» አለ። «አከራዬ ‹መምህርቷ መጥታ ጠየቀችኝ› ብለው፣ ለአንቺ የነገሩሽን ለልጅቷም ነገሯት። አባቷ እንዳልሆንኩ አታውቅም ነበር። ትናንት ‹የእኔ አባባ የታለ?› አለችኝ።»

መምህርቷ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች።

«አንቺን ላስተዋውቃት ቀን እየመረጥኩ ነበር፤ እንዳትሸሺኝ ፈርቼ» አለ። «ከሌላ ሰው የሚጠየቀው ስለ ሞተ ሰው ነው። እኔ እኮ አለሁ።»

«እኔም ፈርቼ ነው… ትወደኛለህ?»

«እሱንም አከራዬን ጠይቂያቸው» አለ። ሊስቅ ሞከረ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቷት፣ «ሂጂ በቃ። ልጅቷ አንቺን ባየች ቁጥር ያን ቀን እንድታስታውስ አልፈልግም» አላት።

ቤት ስትደርስ እናቷ በር ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር።

«እህ? ሚስት አለችው?»

«የለችውም።»

«ተመስገን! እኔማ ምን ያላሰብኩት አለ! ታዲያ መቼ ነው የሚመጣው?»

«አይመጣም፣ እማዬ» አለች።