ከኋላ ዴስክ የተቀመጠችው

እንቁ ጠመኔውን ከመምህር ደርበው እጅ የወሰደችው ሳታስበው ነው።

ከእንጅባራ ተልካ ዘንገና ሐይቅ አካባቢ ወዳለችው ትንሽ ትምህርት ቤት የገባችበት የመጀመሪያ ቀን ነበር። ሥራዋ የአንደኛ ክፍል መምህራን ማንበብና መጻፍ ሲያስተምሩ ማገዝ ነው። ደንቡን ታውቀዋለች። ደጋፊ ከኋላ ዴስክ ትቀመጣለች፤ ደወል እስኪደወል ትንፍሽ አትልም፤ ምክር ካላት የምትናገረው ልጆቹ ከወጡ በኋላ ነው።

ልጆቹ የፊደል ገበታውን በዜማ ያወርዱታል። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ...» ቆርቆሮው ያስተጋባል። ዓይናቸው ግን ገበታው ላይ አልነበረም። ይህን ስታይ አላስቻላትም። ተነሳች፣ ጠመኔውን ከእጁ ወሰደች፣ ሰሌዳው ላይ «ላም» ብላ ጻፈች።

«እስቲ ማን ያነብልኛል?»

ከፊት የተቀመጠች ሕይወት የምትባል ልጅ ተነሳች። በሹክሹክታ ከሀ ጀምራ እየዘመረች ወደ ቃሉ ልትደርስ ሞከረች። መንገድ ላይ ጠፋባት። ክፍሉ ሳቀባት፤ አለቀሰች።

ደርበው ጎንበስ ብሎ ዕንባዋን በሹራቡ እጅጌ ጠረገላትና በቤቷ ቋንቋ በአዊኛ አባበላት። ከዚያ ቀና አለ።

«ይውጡልኝ።»

«እኔ እኮ... ላግዝ ብዬ...»

«በልጆቼ ፊት ጠመኔዬን ቀሙኝ፤ ይቺን አስለቀሱልኝ። አገዙኝ! እግዜር ይስጥልኝ! በሩ ያውልዎ!»

ጆሮዋ እስኪግል አፍራ ወጣች። የሁለተኛ ክፍሏ መምህርት ወርቅአየሁ ሁሉን ሰምታ በረንዳው ላይ ትስቃለች።

«አይዞሽ እቴ። ከዳይሬክተሩ ከአቶ አድማሴ ጋር ተጣልቶ፣ ለቅጣት ነው ከሰባተኛ ክፍል አንደኛ የጣሉት። እሱ ደግሞ እዚያው ወልዶ ከበደ! እንመልስህ ቢሉት እንቢ አለ። አሁን አድማሴ ከልጆቹ ሊነጥለው ሰበብ ፍለጋ ላይ ነው። ሰበቧ አንቺ ትመስይዋለሽ።»

በማግሥቱ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ አገኘችው።

«ክፍሉ ሞልቷል!» አለ በመስኮቱ።

እንቁ አልሄደችም። ከመስኮቱ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ማዳመጥ ጀመረች። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። ሳምንቱን እንዲህ ገፋችው። አንድ ጠዋት ጉሙ ሳይገለጥ ካፊያ ሲጀምር መስኮቱ ተበረገደ።

«ብርድ ቢገድልሽ ነፍስሽን ከእኔ ሊጠይቁ ነው?»

«ይጠይቁ!»

«ምን ዓይነቷ ናት እባካችሁ!» በሩን ከፈተው።

«ጥፋቴን አውቃለሁ» አለች እየተንቀጠቀጠች። «ዛሬ እኔ ላስተምር፤ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡና ይተቹኝ።»

ደርበው ረጅም እግሮቹን ከትንሿ ዴስክ ሥር አጣጥፎ ተቀመጠ። ደወሉ እስኪደወል ትንፍሽ አላለም። ሲደወል ግን ግድቡ እንደ ፈረሰ ወንዝ ለቀቀው።

«ሰሌዳውን በጀርባሽ ጋርደሽ ነው የምትጽፊው። ድምፅሽ ሁለተኛውን ዴስክ አያልፍም፤ ለንስሐ አባትሽ ነው እንዴ የምትናገሪው?»

«ሌላስ?»

«ሌላማ...» አያትና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ሌላውን ነገ።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተጣሉ። ፊደሉን እናዘበራርቀው ስትለው «ሰባኪ መጣች» ይላታል። ልጆቹ በቤታቸው የሚያውቁትን ነገር ስም ጽፈን እናስነብብ ስትለው «እኔ አላውቀውም መሰለሽ?» ይላል፤ እንዳለችው ግን አያደርግም። ማታ ዳንግላ ያለችው እናቷ ስትደውልላት የምታወራው ስለ እሱ ክፋት ብቻ መሆኑን እንቁ አንድ ቀን ልብ አለችና ደነገጠች።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አቶ አድማሴ መምህራኑን ሰበሰቡ።

«እንቁ፣ ሁሉም ባለበት ንገሪን። የደርበው ተማሪዎች ያነባሉ ወይስ አያነቡም?»

ደርበው ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ልመና እንጂ። መዋሸት ቀላል ነበር... ግን የትንሿ ሕይወት ለቅሶ ጆሮዋ ላይ ነው።

«አያነቡም» አለች።

ወንበሩ ወደቀ። ደርበው በሩን ወርውሮት ወጣ።

«በቃ» አሉ አቶ አድማሴ ፈገግ ብለው። «ክፍሉን ለሌላ...»

«አልጨረስኩም!» ድምፅዋ ራሷን አስደነገጣት። «በዜማ ሸምድደውታል እንጂ አያነቡም። እሱን ካነሱት ደግሞ ጨርሶ አያነቡም። የትኛው ልጅ ሲፈራ ዝም እንደሚል፣ የትኛው ሲርበው እንደሚረብሽ የሚያውቅ እሱ ነው። እስከ ፋሲካ ይተዉት። ካላነበቡ ያላገዝኩት እኔ ነኝና ሥራዬን እለቃለሁ።»

አቶ አድማሴ ትከሻቸውን ሰበቁ። «ራስሽ አልሽው።»

ለደርበው ግን አልነገረችውም። እሱም እስከ ፋሲካ ጊዜ እንደተሰጠው ብቻ ሰማ።

«ከሃዲ!» አላት በማግሥቱ። «ያነባሉ! ዓይንሽ እያየ ያነባሉ!»

በእልህ ተነሳ። ፊደሉን አዘበራረቀው፤ ከካርቶን እየቆረጠ ቃል አስገጠማቸው፤ የቃሉን ትርጉም በአዊኛ እያጫወተ በአማርኛ አስነበባቸው። እሷ ያለችውን ሁሉ እሷን ለማሳፈር ሠራው! እንቁ ከኋላ ዴስክ ሆና ታያለች። ሲጨርስ የሚበጀውን ትነግረዋለች። እሱ ጀርባውን ሰጥቷት ሰሌዳውን ይጠርጋል፤ በነጋታው ግን ያደርገዋል።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ዓርብ አቶ አድማሴ ክፍሉ ገቡ። ገበታውን አስነሱና በራሳቸው እጅ ጻፉ፤ «ፈረሱ ውኃ ጠጣ።» ከኋላ ያሉ ጥቂቶች ተደናቀፉ። ብዙዎቹ ግን አነበቡት። ሕይወት ማንም ሳይጠይቃት ተነስታ አነበበችና «የማን ፈረስ ነው?» ስትል ሁሉም ሳቀ።

«እንግዲህ እንቁ» አሉ አቶ አድማሴ ሲወጡ፣ «ሥራሽ ተረፈልሽ።»

«የምን ሥራ?» አለ ደርበው።

ደጅ ቆማ የነበረችው ወርቅአየሁ አላለፈችውም። «በር ወርውሮ የሚወጣ ሰውማ ምን ይሰማል! እንጀራዋን ለአንተ አስይዛልህ ነበር፣ አንተ ደረቅ!»

እንቁ አስፋልቱ ዳር ሚኒባስ ስትጠብቅ ደርበው እየሮጠ ደረሰባት።

«ለምን... ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ታዝንልኝ ነበር። አንተ የምታስተምረው ስትናደድ ነው።»

ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። «ጾሙን ሙሉ ስረግምሽ ነው የከረምኩት። ጾሜን እኮ አስገደፍሽኝ!»

«ጠልተኸኝ ነበር?»

«ሞከርኩ። የማትመጪ ቀን ግን ማንን እንደምጠላ ጠፍቶኝ እውላለሁ።»

እንቁ መሬት መሬት አየች። «ከፋሲካ በኋላ ሌላ ትምህርት ቤት ነኝ። ራሴ ነኝ የጠየቅሁት።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ከእኔ ለመሸሽ?»

«አይደለም። ሥራህን እየመዘንኩ... እሺ ልልህ አልፈልግም።»

ሚኒባሱ ቆመ። ረዳቱ «እንጅባራ! እንጅባራ! ግቢ እንጂ እህቴ!» እያለ በሩን ይደበድባል። እንቁ አንድ እግሯን አስገባችና ዞረች።

«አባቴ ገብረ ማርያም ይባላል። ዳንግላ ነው ቤታችን። ሽማግሌ ሲመጣበት መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ልጁ ቁጡ ነው ወይ ብሎ ነው።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«እውነቱን ነዋ!»

ሽማግሌዎቹ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ዳንግላ ወረዱ። አቶ ገብረ ማርያም ጥያቄያቸውን ጠየቁ። እንቁ ከጓዳ ተጠርታ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «በጣም!» አለች።

አባቷ ልጃቸውን አተኩረው አዩ፤ ፈገግታዋን መደበቅ አቅቷት ነበር። «ካወቅሽው ይሁንልሽ» ብለው መረቁ።