የእንኮዬ ዘር

አገኘሁሽ የቁስቋምን ቁልቁለት ስትወርድ ያዘለችው ስልቻ ከክብደቱ በላይ ከበዳት። ጣሊያን ጎንደር ከገባ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ለማኪና መንገድ ሲባል የአባቷ የቡና ዛፎች ተመንግለው፣ ከ«እንኮዬ» ቡና የተረፈው በስልቻዋ ያለው ዘር ብቻ ነበር። ከመካነ ብርሃን በታች፣ በአክስቷ በሸዋአየሁ የቆላ ጓሮ፣ እርጥበቱ ሳያልቅ ካልተተከለ ይመክናል። የጣሊያኑ የእርሻ ሹም ደግሞ ይህን ዘር ለሚያመጣ ባንዳ ጠመንጃ ሊሸልም ቃል ገብቷል።

ኬላው ላይ ዘበኛው ስልቻውን በሰደፍ ነካ አደረገ።

«ምንድን ነው?»

«ቡና ነው፤ ለለቅሶ የሚጠጣ።»

በቅሏቸውን ይዘው አብረዋት የሚጓዙት ሽማግሌ አያ ቢያዝን ይህን ሰሙ። እሷም ኬላውን ካለፉ በኋላ ቃሏን አላረመችም፤ ምስጢር ከአንድ ሆድ ከወጣ ምስጢር አይደለም ብላ ታምን ነበርና።

ደባርቅን አልፈው ወደ ቧሂት ሲያቀኑ በረዶ እንደ ጠጠር ወረደባቸው። አገኘሁሽ ነጠላዋን ገፍፋ ስልቻውን ጠቀለለችበት፤ ራሷ በቀሚስ ብቻ ቀረች። ገደሉ አፋፍ ላይ ነብር ከቋጥኝ ተወርውሮ የበቅሎዋን ጭን ቧጠጠ። አያ ቢያዝን በጦር አባረሩት፤ በቅሎዋ ግን አነከሰች። እየጎተቱ ዋሻ እንደ ደረሱ አገኘሁሽ በብርድ ራሷን ስታ ወደቀች።

ያነቃት አያ ቢያዝን ከስልቻው ዘግነው የሚቆሉት ቡና ሽታ ነው።

«ምነው አያ፣ ምን አደረጉ?»

«በርዶሽ ልትሞቺብኝ ነበር። ሟቹ ከለቅሶው አንድ እፍኝ ቢጎድልበት አይታዘበኝም።»

እውነቱን ልትነግራቸው አፏን ስትከፍት የዋሻው አፍ ጨለመ። ፋንታሁን የሚሉት የባንዳ አለቃ ከሦስት ሰዎቹ ጋር ቆሟል፤ ሽታው መርቷቸው ነው የመጡት።

«የእንኮዬን ዘር የያዘች ሴት እንፈልጋለን» አለ። ወዲያው የቆሎ ምጣዱን አየና ሳቀ። «ዘሩን ቆልቶ የሚበላማ ጠኔ የመታው ገበሬ ነው። ቡና ብቻ ከሆነ ቀሪውንም ቁይልን።»

እምቢ ብትል ዘሩም እሷም ለጣሊያን ናቸው። አያ ቢያዝን በድንጋይ እየፈተጉ ገለፈቱን አራገፉ፤ እሷ ቆላች። እጇ ምጣዱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሽማግሌው አዩ። ተነሥተውም፣ «በቅሎዋ ሳትራብ አልቀረችም» አሉና ገብሷን ሊያቀርቡላት ሄዱ።

ባንዶቹ መርዝ እንዳይኖረው ብለው የመጀመሪያውን ስኒ ለእሷ ሰጧት። ሳትወለድ ጀምሮ ዛፎቹ ጥቂት ሆነው ፍሬው ሁሉ ለዘር ይቀመጥ ስለነበር በዕድሜዋ ቀምሳው አታውቅም። መጀመሪያ እንደ እንኮይ ምላሷን ኮምጠጥ አደረገው፤ ቀጥሎ እንደ ጫካ ማር ጉሮሮዋን አለሰለሰ፤ ከዋጠችው በኋላም የታሸ የሎሚ ቅጠል መዓዛ አፏ ውስጥ ቀረ። ቡናው አልመረራትም፤ የመረራት ሌላ ነው።

ፋንታሁን ጠጣና ሳቁ ጠፋ።

«እንኮዬ ይህ ነበር?»

«ነበር» አለች።

ባዶውን ስልቻ አራገፈው፤ የተቆላ አይበቅል። ስልቻውን እሳቱ አጠገብ ጥሎ ሰዎቹን አስከትሎ ወጣ።

በማግስቱ ወደ ቆላው ሲወርዱ አገኘሁሽ ቆመች።

«አያ፣ ያ ዘር ነበር። ልነግርዎ ፈርቼ ነው።»

«እጅሽ ነግሮኛል። አፍሽማ ሸጋ አድርጎ ነበር የዋሸኝ» አሉና የበቅሎዋን የገብስ ከረጢት ፈቱ። ከገብሱ መካከል በዋሻው የሸሸጉትን አሥራ አንድ ፍሬ ከነገለፈቱ ለቀሙ።

ሸዋአየሁ ከጎረቤቶቿ ጋር አጥሯ ሥር ተቀበለቻቸው።

«ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?»

አገኘሁሽ ግራ ቀኝ አላየችም፤ ድምጿንም አልቀነሰችም።

«ዘር ነው።»

ለአክስቷ ሦስት ፍሬ ብቻ ሰጠች። አንዱን በአያ ቢያዝን መዳፍ ላይ አኖረች፤ የቀሩትን ሰባት ለሰባት ጎረቤቶች አንዳንድ አደለች። ከእንግዲህ እንኮዬን ሊወስድም ሆነ ከምድር ሊያጠፋ የመጣ ሁሉ የዘጠኝ ቤት አጥር መዝለል አለበት።